የቴስቶስቴሮን ሕክምና ታሪክና ታካሚው ሊያውቀው የሚገባው ቁም ነገር

የወንድ የዘር ፍሬ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሰው ልጅ አስቀድሞ የተረዳው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በበረት ውስጥ ነው። ወይፈን ሲኮላሽ ሰንጋ፣ ወጠጤ ሲኮላሽ ሙክት እንደሚሆን፣ ጠበኛው ገራም፣ ቀጭኑም ሥቡ እንደሚሆን ገበሬ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው ኖሯል። ይሁንና ያ ትንሽ አካል ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ድምፅን፣ ጠጉርን፣ ጡንቻንና ጠባይን በምን መንገድ እንደሚገዛ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አልፏል። ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜም ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አደጉ፤ አንደኛው ሆርሞኑ ለጎደለው ሰው የሚሰጥ እውነተኛ ሕክምና ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕድሜው ለገፋ ሰው የሚሸጥ የወጣትነት ተስፋ ነው። ዛሬም ቢሆን በሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ታካሚ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ካላወቀ፣ ለጥቅሙ የጀመረው መድኃኒት ለጉዳት ሊሆንበት ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አውራ ዶሮዎቹ ያስተማሩት

የሳይንሱ መነሻ በጀርመን አገር በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አርኖልድ አዶልፍ በርቶልድ ያደረገው ሙከራ ነው። በርቶልድ ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎችን ወስዶ ሁለቱን ፈጽሞ ኮላሻቸው። የቀሩትን አራቱን ግን የዘር ፍሬአቸውን ከቦታው ካላቀቀ በኋላ በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ አንድ አንድ ፍሬ እንዲኖር አደረገ፤ ለሁለቱ የተሰጣቸውም ከሌላ ዶሮ የወጣ ፍሬ ነበር። የተኮላሹት መጮኽ ተሳናቸው፣ ጠብ ተዉ፣ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ገረጣ። አራቱ ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተደባደቡ፣ እንስት ዶሮዎችንም ተከተሉ። በርቶልድ ኋላ ከፍቶ ሲመረምር፣ ፍሬው በአዲሱ ቦታ የደም ሥር አብቅሎ አገኘው፤ የቀድሞ ነርቮቹ ግን ተቆርጠው ቀርተዋል። ስለዚህም የዘር ፍሬ ሰውነትን የሚያዝዘው በነርቭ ሳይሆን ከደም ጋር በሚቀላቅለው ነገር ነው ሲል በ1849 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ደመደመ። «ሆርሞን» የሚለው ቃል በእንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ አማካይነት ወደ ሳይንስ ቋንቋ የገባው ከዚያ 56 ዓመት በኋላ፣ በ1905 ነው።

ተስፋው ከማስረጃው ሲቀድም

በ1889 የ72 ዓመቱ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሻርል ኤድዋርድ ብራውን ሴካር ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ከቆዳው ሥር መውጋቱን፣ በዚህም ጉልበቱና የአእምሮው ንቃት እንደታደሰለት ለፓሪሱ የባዮሎጂ ማኅበር ገለጸ። ወሬው በፍጥነት በዓለም ተሰራጨ፤ ፈሳሹን የሚሸጡም በየአገሩ ተነሡ። ይሁን እንጂ የዘር ፍሬ ቴስቶስቴሮንን ሠርቶ ወደ ደም ይልካል እንጂ በብዛት አያከማችም፤ ሆርሞኑም በውኃ በደንብ የሚሟሟ አይደለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2002 የብራውን ሴካርን አዘገጃጀት ደግመው ሲለኩት፣ በውስጡ የተገኘው ሆርሞን ለሰውነት አንዳች ውጤት ሊሰጥ የማይችል እጅግ ጥቂት ነበር። ታላቁ ሊቅ የተሰማው ብርታት የመድኃኒቱ ሳይሆን የተስፋው ሥራ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም የባሰ መጣ። ሰርዥ ቮሮኖፍ ከ1920 ጀምሮ በፈረንሳይ የዝንጀሮ የዘር ፍሬ ቁራጭ በሰው ላይ ይተክል ጀመር። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ደግሞ ጆን ብሪንክሊ የፍየል ፍሬ እየተከለ ከበለጸገ በኋላ በ1930 የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ከነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት «ተሻለኝ» የሚለው የታካሚው ቃል የተከበረ ቢሆንም ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ ነው።

ከሽንት ሊትሮች እስከ ንጹሕ ሆርሞን

እውነተኛው ሥራ በዝግታ ከኬሚስቶች እጅ መጣ። በ1927 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድ ኮክና ሌሙኤል ማጊ ከ40 ፓውንድ የኮርማ የዘር ፍሬ 20 ሚሊግራም ያህል ሥራ የሚሠራ ጭማቂ አገኙ። በ1931 ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት ከ15,000 ሊትር ገደማ የወንድ ሽንት 15 ሚሊግራም አንድሮስቴሮን ለየ። በ1935 በአምስተርዳም በኧርንስት ላከር የሚመራው ቡድን ከኮርማ የዘር ፍሬ ዋናውን ሆርሞን በንጹሕ ክሪስታል አውጥቶ «ቴስቶስቴሮን» የሚል ስም ሰጠው። በዚያው ዓመት ቡተናንትና በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ሊዮፖልድ ሩዚችካ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ሆርሞኑን ከኮሌስትሮል ሠሩት። የ1939ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሁለቱ ተካፈሉ፤ የናዚ መንግሥት ቡተናንት ሽልማቱን እንዳይቀበል ስለከለከለው ዲፕሎማውን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ነው።

እንግዲህ የኮርማ ፍሬና የሽንት በርሜል ማሰባሰቡ ቀረ፤ መድኃኒቱም በፋብሪካ የሚመረት ሆነ። የቀረው ጥያቄ ለማን ይሰጥ የሚለው ነበር። በ1942 ሃሪ ክላይንፈልተርና ባልደረቦቹ የዘር ፍሬአቸው ትንሽ ሆኖ የቀረ፣ ጡታቸው ያበጠና መካን የሆኑ ዘጠኝ ወንዶችን ሁኔታ በጽሑፍ ገለጹ። በ1959 የሕመሙ ምክንያት አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም መሆኑ በኤድንብራ ታወቀ። ይህ ሁኔታ ከ600 ያህል ወንዶች በአንዱ ላይ ይገኛል። ከነዚህ መካከል ሆርሞናቸው የጎደለ፣ የዘር ፍሬአቸው በአደጋ ወይም በበሽታ የጠፋ፣ የፒቱታሪ ዕጢአቸው ትእዛዝ መስጠት ያቆመ ወንዶች ለሕክምናው እውነተኛ ባለቤቶች ናቸው። ለነርሱ ጢም መብቀል፣ ድምፅ መጎርነን፣ የአጥንትና የጡንቻ መጽናት፣ የፍትወት መመለስ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የጎደለ ዕዳ መሙላት ነው።

አወሳሰዱም ታሪክ አለው። ተፈጥሮአዊው ቴስቶስቴሮን እንዲሁ ሲዋጥ ጉበት ይሽረዋል፤ ይህን ለማምለጥ ሲባል የተለወጡት የቀድሞ ክኒኖች ደግሞ ጉበትን የሚጎዱ ሆነው ተገኙ። በዚህም ምክንያት በዘይት የተዘጋጀው መርፌ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዋነኛው መንገድ ሆኖ ኖረ። በአሜሪካ በ1993 በቆዳ ላይ የሚለጠፈው፣ በ2000 የሚቀባው ጄል ተፈቀደ። የጄሉ ምቾት የራሱን ጣጣ አመጣ፤ የአባታቸው ገላ የነካቸው ሕፃናት ያለጊዜያቸው የጉርምስና ምልክት በማሳየታቸው፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 በመድኃኒቱ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

ብዙ ታካሚዎች የማያውቁት ነገር

የወንድነት መድኃኒት ልጅ ለመውለድም ይረዳል ብሎ ማሰብ ለብዙ ሰው የቀረበ ግምት ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ከውጭ የገባ ቴስቶስቴሮን በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎልና የፒቱታሪ ዕጢ በቂ አለ ብለው ለዘር ፍሬ የሚልኩትን ትእዛዝ ያቋርጣሉ፤ ፍሬውም ዘር ማምረቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰባት አገሮች አስጠንቶ በ1990 የታተመው ጥናት፣ በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስቴሮን ኤናንቴት ከተወጉት 271 ጤነኛ ወንዶች መካከል የ157ቱ ዘር ፈጽሞ እንደጠፋ አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገውም መድኃኒቱ ለወንዶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሆን እንደሆነ ለመመርመር ነበር። ዘሩ መድኃኒቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ቢመለስም ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ስለዚህ ልጅ የሚፈልግ ሰው ይህን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሊሰማ ይገባዋል። ልጅ ባለመውለዱ ተጨንቆ የመጣ ሰው ይህን ሳይነገረው ቴስቶስቴሮን ቢወጋ፣ የለመነውን በር በራሱ እጅ ዘጋ ማለት ነው።

ፕሮስቴትና ልብ

ቻርልስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ በ1941 ሆርሞኑን መቀነስ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚያስታግስ አሳዩ፤ ሃጊንስም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው ቴስቶስቴሮን እንዳይወስድ መጠንቀቅ ደንብ ሆኖ ቆይቷል።

የልብ ጉዳይ ከዚህ ዘግይቶ ተነሣ። በአሜሪካ በግል የጤና መድን ከታቀፉትና ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ወንዶች መካከል በ2001 ቴስቶስቴሮን ይወስዱ የነበሩት 0.81 በመቶ ሲሆኑ በ2011 ቁጥሩ 2.91 በመቶ ደረሰ፤ አዲስ ከጀመሩት ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ በቀደመው አንድ ዓመት የሆርሞናቸው መጠን እንኳ አልተለካም ነበር። በ2015 የአሜሪካው አስተዳደር መድኃኒቱ በዕድሜ ብቻ ለሚመጣ መቀነስ ጥቅሙ እንዳልተረጋገጠ፣ ለልብና ለአንጎል ደም ሥርም ሥጋት ሊሆን እንደሚችል እንዲጻፍ አደረገ። በ2016 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 790 ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት በፍትወት ረገድ መጠነኛ መሻሻል ሲያገኝ፣ በድካም ረገድ ግን የተጠበቀውን ጥቅም አላሳየም። በ2023 የታተመውና ከ5,200 በላይ ለልብ ሕመም የተጋለጡ፣ ሆርሞናቸውም ዝቅ ያለ ወንዶችን ያቀፈው ጥናት ደግሞ ከባድ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሆርሞኑን ከወሰዱት በ7.0 በመቶው፣ ካልወሰዱት በ7.3 በመቶው ላይ እንደደረሰ ገለጸ። ትልቁ ፍርሃት በዚህ ቢረግብም፣ የልብ ምት መዛባት፣ በሳንባ የደም ሥር የሚወተፍ የረጋ ደምና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ሆርሞኑን በወሰዱት ላይ በዝተዋል። አጥንትን ያጸናል የተባለው መድኃኒት የአጥንት ስብራትን አለመቀነሱ፣ እንዲያውም ስብራቱ በወሰዱት ዘንድ መብዛቱ ደግሞ ያልተጠበቀ ውጤት ነበር። በ2025 አስተዳደሩ የልቡን ማስጠንቀቂያ አሻሽሎ የደም ግፊት መጨመርን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር አድርጓል።

ባለሙያው ለታካሚው የሚያስረክበው

ከዚህ ረጅም ታሪክ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ ድካምና የፍትወት መቀነስ ብቻቸውን የሆርሞን መጉደል ማስረጃ አይደሉም፤ የስኳር በሽታ፣ ውፍረት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጧቸዋል። ሁለተኛ፣ ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል፣ ምርመራው በማለዳ ተደርጎ በሌላ ቀን መደገም አለበት። ሦስተኛ፣ ሕክምናው የጎደለውን መተካት እንጂ ሥር ያለውን ምክንያት ማዳን ስላልሆነ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት የሚዘልቅ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥም ድካሙ ይመለሳል። አራተኛ፣ የቀይ የደም ሕዋሳት ብዛት፣ የፕሮስቴትና የደም ግፊት ሁኔታ በየጊዜው መታየት አለበት፤ የሕዋሳቱ ድርሻ ከደሙ 54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል።

የብራውን ሴካር ዘመን አልፏል ቢባልም፣ ዕድሜውን ወደ ኋላ ለመመለስ የሚመኝ ሰው አልጠፋም፤ ምኞቱን የሚሸጥለትም አይጠፋም። የባለሙያው ግዴታ የጎደለበትን ሰው ሳያሳፍር ማከም፣ ያልጎደለበትንም ሳያስቀይም እውነቱን ነግሮ ማሰናበት ነው።