ድንጋዩ አልቆ ገበያው የቀረበት አገር

ከባንኮክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ካምቦዲያ ድንበር 245 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቻንታቡሪ ይደርሳል። የክፍለ ሀገሩም የዋና ከተማውም ስም ነው፤ ትርጉሙ «የጨረቃ ከተማ»። በሳምንቱ መጨረሻ ከደረሰ በከተማዋ መሀል ለየት ያለ ገበያ ያያል። እዚህ ገበያ ጠረጴዛ ተከራይቶ የሚቀመጠው ገዢው ነው። የሚፈልገውን የድንጋይ ዓይነት በወረቀት ጽፎ ፊቱ ያደርጋል። ሻጮች ደግሞ ሩቢና ሰንፔር በትናንሽ ላስቲክ ቋጥረው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። ገዢው ድንጋዩን በወረንጦ ያነሳል፣ በማጉያ መነጽር ያያል፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሚፈሰው ድንጋይ አብዛኛው ግን ከቻንታቡሪ መሬት የወጣ አይደለም። የሞዛምቢክ ነው፣ የማዳጋስካር ነው፣ የስሪላንካ ነው። የራሷ ጉድጓዶች ከነጠፉ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ገበያው ለምን አብሮ አልሞተም? ኦፓል፣ ኤመራልድና ሰንፔር እየቆፈርን በጥሬው ለምንሸጥ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻንታቡሪ ከድንጋዩም በፊት ታሪክ የነበራት ምድር ናት። በ1767 የበርማ ጦር የሲያምን መናገሻ አዩታያን ሲያቃጥል፣ ታክሲን የተባለው የጦር አለቃ ሸሽቶ የመጣው ወደዚህ ነው። እዚሁ መርከብ አሠርቶ፣ ሠራዊት አደራጅቶ በዚያው ዓመት ተመለሰና ነገሠ። ከ1893 እስከ 1904 ደግሞ ፈረንሳይ ከሲያም ጋር በነበራት የድንበር ጠብ ከተማዋን በመያዣነት ይዛ ቆይታለች። በባሕሩ ዳር፣ ላም ሲንግ በሚባለው ቦታ፣ ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ጠባብ የጡብ እስር ቤት አለ። የአገሩ ሰው «የዶሮ ኩስ እስር ቤት» ይለዋል። ከላይ ዶሮ ይረባበት ነበር፣ ኩሱም በእስረኞች ላይ ይወርድ ነበር ይባላል።

በወንዙ ማዶ በ1909 የተሠራው ትልቅ የካቶሊክ ካቴድራል ይታያል። ምእመናኑ በአብዛኛው ከቬትናም ተሰደው የመጡ ክርስቲያኖች ልጆች ናቸው። ውስጡ ያለው የእመቤታችን ሐውልት ከ200 ሺህ በሚበልጡ የከበሩ ድንጋዮች አጊጧል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሩቢና ሰንፔር በብዛት መገኘቱ ሲሰማ ከበርማ በኩል ቆፋሪዎች ጎረፉ። ቻንታቡሪን፣ ጎረቤቷን ትራትንና አሁን በካምቦዲያ ያለችውን ፓይሊንን አዳረሱ። ትልቁ ዕድል የመጣው ግን ከጎረቤት ችግር ነው። በ1962 በርማ ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፤ ዝነኛው የሞጎክ የሩቢ ምድርም ለውጭ ነጋዴ ተዘጋ። ሩቢ የፈለገ ሁሉ ፊቱን ወደ ታይላንድ አዞረ።

የታይላንድ ሩቢ ግን ጠቆር ያለ ነበር፤ ሐምራዊ ጥላ ያጠላበታል። መፍትሔው እሳት ሆነ። ድንጋይን በእሳት ማሻሻል ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ የቻንታቡሪ ሰዎች ግን ኢንዱስትሪ አደረጉት። በከተማዋ እንደሚተረከው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቃጠሎ ደርሶ ከአመዱ የተለቀመ ሰንፔር ቀለሙ አምሮ ተገኘ። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ ምድጃዎቹ እውነት ናቸው። በስሪላንካ «ጌውዳ» የሚባል ወተት የመሰለ ድንጋይ ነበር፤ ዋጋ የለውም ተብሎ የሚጣል። በ1970ዎቹ የታይላንድ ነጋዴዎች በርካሽ ሰብስበው ወሰዱትና ከ1,600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ እሳት አበሰሉት። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰንፔር ሆኖ ወጣ። የድንጋዩ ባለቤት የጣለውን፣ እሳቱን የሚያውቀው ወርቅ አደረገው።

ማዕድኑ ዘላለም አልቆየም። በአካፋ የተጀመረው ቁፋሮ በቡልዶዘር ሲቀጥል መሬቱ ቶሎ ተራቆተ። ፓይሊንን የያዙት ክመር ሩዦች ለጦርነታቸው ገንዘብ ሲፈልጉ የቁፋሮ ፈቃድ ለታይላንድ ነጋዴዎች ሸጡ፤ የዚያ ሩቢ ዋጋ ደምም አለበት። እሱም አለቀ። ያኔ ቻንታቡሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አፍሪካ ወጡ። በ1998 በማዳጋስካር ኢላካካ ሰንፔር ሲገኝ፣ በ2009 በሞዛምቢክ ሞንቴፑዌዝ ሩቢ ሲገኝ ገዢዎቹ ፈጥነው ደረሱ። ዛሬ በቻንታቡሪ ጎዳና ከጊኒና ከሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የመጡ ነጋዴዎች ድንጋይ ይዘው ሲዞሩ ማየት የተለመደ ነው።

ይህ ማለት ግን ቻንታቡሪ እንከን የላትም ማለት አይደለም። በ2001 አካባቢ ልዩ ብርቱካንማ ሰንፔር ከዚህ እየወጣ ገበያውን አጥለቀለቀ። ላቦራቶሪዎች ሲመረምሩት በእሳቱ ውስጥ ቤሪሊየም የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ድንጋዩ እንዲሰርግ ተደርጎ ነበር፤ ለገዢው ግን አልተነገረውም። ዋጋው ወደቀ፣ እምነትም ተሸረሸረ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ምን እንደተደረገበት መናገር የንግዱ ግዴታ ሆኗል።

ክፍለ ሀገሩ በድንጋይ ብቻ አይኖርም። ዱሪያን የሚባለው እሾሃማ ፍሬ በታይላንድ በብዛት የሚመረተው እዚህ ነው፤ ዋናው ገዢ ቻይና ናት። ማንጎስቲን፣ ራምቡታንና ቁንዶ በርበሬም አለ። ዝናቡ የማያቋርጥበት ደን ውስጥ የፕሊው ፏፏቴ አለ፤ አጠገቡ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1880 ለሞተችበት ንግሥት ያሠራው ትንሽ ፒራሚድ ቆሟል። ጉድጓዱ ሲነጥፍ ሰው የሚተርፍበት ሌላ ኑሮ ነበረው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። በ2008 የወሎ ደላንታ ኦፓል ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ የሻኪሶ ኤመራልድ ታወቀ፣ በትግራይ ጭላ አካባቢም ሰንፔር ተገኘ። የጭላው ሰንፔር ከባዛልት አለት ጋር የተያያዘ ነው፤ የድሮው የቻንታቡሪ ሰንፔርም እንደዚያው። ተፈጥሮ አላዳላችም። የእኛ ኦፓል ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው በሕንድ ጃይፑር ነው፤ ሰንፔራችንም ወደ ታይላንድ ምድጃ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ክርክሩ ሁሌ «ጥሬው አይውጣ» የሚል ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ግን ኮንትሮባንዲስት ያበዛል እንጂ ቆራጭ አይወልድም። ቻንታቡሪ የዓለምን ጥሬ ድንጋይ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ከፈተች። እጅና ዓይን አሠለጠነች። ትንሹም ሻጭ በአንድ ቀን አሥር ገዢ የሚያገኝበት ጎዳና ፈጠረች። ደላላ ቤቱ ድረስ መጥቶ ዋጋ የሚቆርጥለት ቆፋሪ ይህን አያውቅም፤ የድንጋዩን ዋጋ የሚሰማው ከሚገዛው ሰው አፍ ብቻ ነው።

የደላንታ ገደል አንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ያልነጠፈ ጉድጓድ የለም። ያ ቀን ሲመጣ የወገል ጤና ወጣት በእጁ ሙያ ይኖረዋል ወይስ አካፋ ብቻ? ያንን የምንወስነው ዛሬ፣ ኦፓሉ ሳያልቅ ነው።