የአንድ የሙዚቃ ቡድን ጽናት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መባቻ፣ በሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ ወጣቶች ያቋቋሙት «ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ»፣ የጥቁር አሜሪካውያን የኪነት ሀብት የሆነውን ፈንክን ከሮክ ጋር ያዋሐደ ቡድን ነው። የ1985ን ሁለተኛ አልበሙን ያዘጋጀለትም የፈንክ ፈር ቀዳጁ ጆርጅ ክሊንተን ነበር።

በ1988 ጊታር ተጫዋቹ ሂለል ስሎቫክ በሄሮይን ሳቢያ በ26 ዓመቱ ሞተ፤ ከበሮ መቺው ጃክ አይረንስም ሐዘኑን ባለመቻል ቡድኑን ለቀቀ። ድምፃዊው አንቶኒ ኪዲስና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ፍሊ ግን በጆን ፍሩሺያንቴና በቻድ ስሚዝ ተጠናክረው፣ በ1991 ታላቅ ዝና ያተረፈላቸውን አምስተኛ አልበም አቀረቡ።

ፍሩሺያንቴ በ1992 ተለየ፤ እርሱንም ሱስ ከሞት አፋፍ አደረሰው። በ1998 ሲመለስ ጓዶቹ በሩን አልዘጉበትም፤ በ2009 ዳግም ወጥቶ በ2019 ሲመለስም ተቀበሉት። ቡድኑን አርባ ዓመት ያሻገረው ይህ ጓዳዊነት ነው፤ ስሎቫክን ግን የሚመልሰው አልተገኘም።