ገዳቢ የመሬት ውል

ገዳቢ የመሬት ውል አንድ ባለመሬት በገዛ መሬቱ ላይ የተወሰነ ነገር እንዳያደርግ የሚከለክል፣ ለጎረቤት መሬት ጥቅም ሲባል የሚገባ የጽሑፍ ግዴታ ነው። «በዚህ ማሳ ላይ ቤት አይሠራም» ወይም «ቦታው ከመኖሪያ ውጭ ለሌላ ሥራ አይውልም» የሚሉት የተለመዱ ምሳሌዎች ናቸው። ከተራ ውል የሚለየው ከፈራሚዎቹ ጋር ሳይቀር ከመሬቱ ጋር አብሮ መተላለፉ ነው። መሬቱ ቢሸጥም ቢወረስም አዲሱ ባለቤት ያልፈረመው ግዴታ ይይዘዋል። በእንግሊዝና በእንግሊዝ ሕግ መሠረት በሚሠሩ አገሮች ብዙ የጎረቤት ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው።

አመጣጥ

መነሻው የከተማ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1808 ቱልክ የተባለ ሰው በለንደን የሌስተር አደባባይን የአትክልት ቦታ ሲሸጥ ገዢው ቦታውን ሳይገነባበት በአትክልትነት እንዲጠብቀው አስፈረመ። ቦታው እጅ በእጅ ተላልፎ ሞክሴይ ዘንድ ደረሰ። ሞክሴይ ክልከላውን እያወቀ ቢገዛም «እኔ አልፈረምኩም» ብሎ ሊገነባ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1848 ፍርድ ቤቱ ግዴታውን አውቆ የገዛ ሰው ሊጥሰው አይችልም ሲል ወሰነ። ምክንያቱም ገዢው በክልከላው የተነሣ በርካሽ የገዛውን ቦታ በማግሥቱ ከክልከላ ነጻ አድርጎ በውድ መሸጥ ቢችል ኖሮ ፍትሐዊ አይሆንም ነበር።

በገጠር ክርክር የሚነሣባቸው ነጥቦች

የገጠሩ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ገበሬው ከእርሻው ጥግ ቆርሶ ይሸጣል፣ በቀረው ላይ መኖሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በሸጠው ላይ ምን እንደሚቆም ይጨነቃል። ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላ ሻጩም ገዢውም የሉም፤ ከተማው ግን ወደ እርሻው ተጠግቷል። ቤት የሚሠራበት መሬት ከእርሻ መሬት እጅግ ስለሚወደድ ያ አሮጌ ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣ ይሆናል።

ግዴታው አዲሱን ባለቤት የሚይዘው የሚጠቀም ጎረቤት መሬት ካለና ይዘቱ ክልከላ ከሆነ ብቻ ነው። «አጥሩን ጠግን» የሚል ገንዘብ የሚያስወጣ ግዴታ ወደ ቀጣዩ ገዢ አይሻገርም፤ ይህንንም የሎርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ አንድ ጣሪያ ጥገና በቀረበ ክርክር አጽንቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1925 በኋላ የተገቡ ውሎች ደግሞ ገዢውን እንዲይዙ መመዝገብ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግንባታ ፈቃድ ላይ ነው። የአካባቢው አስተዳደር መፍቀዱ የጎረቤትን መብት አይሽርም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ውሉ ጊዜ ያለፈበት ነው የሚል ባለመሬት በ1925ቱ የንብረት ሕግ አንቀጽ 84 መሠረት እንዲሻር ወይም እንዲሻሻል ለመሬት ትሪቡናል ማመልከት ይችላል። ትሪቡናሉ ክልከላው ለጎረቤቱ ዛሬም የሚረባ ጥቅም አለው ወይ፣ የሕዝብን ጥቅም ይቃረናል ወይ፣ ጉዳቱ በገንዘብ ይካሳል ወይ ብሎ ይመረምራል።

የሜይደንሄድ ክርክር

በለንደን ምዕራብ በሜይደንሄድ አጠገብ አንድ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1972 ቁራሽ መሬት ሲሸጥ ከመኪና ማቆሚያ በቀር ለሌላ እንዳይውልና ምንም እንዳይገነባበት በውሉ አስገባ። በ2012 የቤተሰቡ ወራሽ አጎራባቹን መሬት በጽኑ ለታመሙ ሕፃናት ማስታመሚያ እንዲሠራበት ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ። ሚልጌት የተባለው ቤት ገንቢ ኩባንያ ግን ክልከላውን እያወቀ በተከለከለው መሬት ላይ አቅም ለሌላቸው ሰዎች የሚከራዩ 13 ቤቶችን ሠራ፤ በ2014 ተቃውሞ ሲቀርብለትም አላቆመም። ውሉ እንዲሻሻል ያመለከተው በ2015 ቤቶቹ ካለቁ በኋላ ነው። ማስታመሚያው የሚሠራበት ግቢ ከቤቶቹ በግልጽ ይታያል፤ ከታመሙ ልጆቻቸው ጋር ለሚሆኑ ወላጆች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በሁለቱም ወገን የሕዝብ ጥቅም ነበረ። ትሪቡናሉ በ2016 የተሠራ ቤት ባዶ መቆም የለበትም ብሎ በ150,000 ፓውንድ ካሳ ውሉን አሻሻለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2018 ይህን ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የቤቶቹን አዲስ ባለቤት ሃውዚንግ ሶሉሽንስን ይግባኝ ውድቅ አደረገ። ኩባንያው ቤቶቹን ክልከላ በሌለበት ጎን ሊሠራቸው ይችል ነበር፤ ቀድሞ ቢያመለክትም ኖሮ ምናልባት አይፈቀድለትም ነበር። የሕዝብ ጥቅም የሚለው ክርክር አቅም ያገኘው ኩባንያው ራሱ ሕግ ጥሶ ቤቶቹን በማቆሙ ነው። ውሳኔው ግን ቤቶቹ ይፍረሱ አላለም፤ ለዚያ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሌላ ክስ መመሥረት ነበረበት።

በእርግጥ ፍርድ ቤቶች ቤት ማፍረስ ይከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በሮዘም ፓርክ ክርክር ክልከላ ተጥሶ የተሠሩ 14 ቤቶች እንዲፈርሱ ቢጠየቅም ዳኛው አልፈቀዱም። በምትኩ ገንቢው ካገኘው 50,000 ፓውንድ ትርፍ አምስት በመቶ፣ ማለትም 2,500 ፓውንድ፣ እንዲከፍል አደረጉ። ለጎረቤቱ ያ ገንዘብ ጥቂት ሲሆን ለገንቢው ግን ከሥራው ወጪ እንደ አንዱ ነበር።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፤ ስለዚህ ገበሬ ማሳውን ቆርሶ እንዲህ ያለ ክልከላ አስይዞ ሊሸጥ አይችልም። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ አንድ መሬት ለሌላ መሬት ጥቅም ሲባል የሚሸከመውን ግዴታ ይደነግጋል።