የጥርስ ሥር ሕክምና በባሌ ደጋ

የጥርስ ሥር ሕክምና፣ በተለምዶ ሩት ካናል የሚባለው፣ የታመመ ወይም የሞተ የጥርስ ነርቭን ከነደም ሥሩ አውጥቶ፣ የነበረበትን ቦይ አጽድቶና ሞልቶ ጥርሱን ከመነቀል የሚያድን ሕክምና ነው። እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ በባሌ ከተሞች በሮቤና በጎባ፣ በዙሪያቸው ባለው ደጋም ጥርሱ የጠዘጠዘው ሰው በማስነቀልና በማዳን መካከል ይመርጣል። ምርጫውን ብዙ ጊዜ የሚያጠብበው ሕመሙን ችሎ የቆየበት ጊዜ ነው።

የሕመሙ ምንጭ

ጥርስ ከላይ በጠንካራው ኢናሜል ይሸፈናል፤ ከእሱ ሥር ዴንቲን፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ነርቭና ደም ሥር ያለበት ፐልፕ ይገኛል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም ጥርሱን ይቦረቡራል። «ጥርሴን ትል በላው» የሚለው አባባል በአገሪቱ በሰፊው ይሰማል፤ የሚበላው ግን አሲዱ ነው። ገብስ ከደጋው ዋና ዋና እህሎች አንዱ ነው፤ ቆሎ ሲቆረጠም የምትገኝ ጠጠር ጥርስ ልትሰነጥቅና ለባክቴሪያ መግቢያ ልትከፍት ትችላለች።

ደረጃዎቹ

ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ቆንጠጥ አድርጎ ወዲያው የሚለቅ ጥርስ ብዙውን ጊዜ በሙሌት ይድናል። ሕመሙ ከቆየ፣ ትኩስ ሻይ ካባሰው ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ፐልፑ ከማገገም አልፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ በድንገት ቢጠፋ የመዳን ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ ሞቶ ሥሩ ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላልና። ጉንጭ ወይም አንገት ማበጥ፣ ትኩሳት፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ አለመቻል ሲታይ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከፍታና ጥርስ

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ያቋርጣል፤ ጎባ ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በተቦረቦረ ጥርስ ወይም በላላ ሙሌት ሥር የታፈነ አየር ሲለጠጥ ነርቩን ሊያሳምም ይችላል። አውሮፕላን ላይም ይኸው ያጋጥማል። ከፍታው በሽታውን አይፈጥርም፤ ተደብቆ የቆየውን ይገልጠዋል።

አሠራሩ

ሐኪሙ በራጅ የሥሩን ቅርጽ ያያል፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን በተሠራው በሊዶኬይን ወይም በመሰሉ ማደንዘዣ ጥርሱን ያደነዝዛል። ጥርሱን ከላይ ከፍቶ ቦዮቹን በቀጫጭን ሞረዶች ያሰፋል፣ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያጥባል፣ ጉታ ፐርቻ በተባለ ከዛፍ በሚገኝ ላስቲክ መሰል ነገር ይሞላል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖረው መንጋጋ ሦስት ወይም አራት አለው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ሥራ ይጠይቃል። ነርቩ የወጣለት መንጋጋ በቀላሉ ስለሚሰበር በመጨረሻ ክራውን የተባለ ሽፋን ይደረግለታል።

በባሌ ያለው ጉዳይ

ሕክምናው ከአንድ በላይ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። ሮቤና ጎባ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጎባ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል መቀመጫ ናት። ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ሰው ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ የመንገድ ወጪና የሥራ ቀን ነው፤ ማስነቀል ባንድ ቀን ስለሚያልቅ ይቀላል። ጀምሮ ማቋረጥ ከሁለቱም ይብሳል፤ በቀጠሮዎች መካከል የሚደረገው ጊዜያዊ ሙሌት ሲያፈስ ቦዩ እንደገና ይመረዛል።

ቅርንፉድ ሕመምን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ሥጋውን ያቃጥላል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ደም ወዳቆመበት የሞተ ነርቭ ስለማይደርስ ብቻውን አያድንም። በልጆች ላይ ደግሞ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ጀርባ የሚበቅለው መንጋጋ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጆች ተተኪ ያለው ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን ቋሚ ነው፣ ከተነቀለ አይተካም።