የአቶም ኒውክሊየስ ማያያዣ ኃይል እና የጨረር አመንጪ ቁሶች ምንነት

የማያያዣ ኃይል ምንድን ነው?

የአቶም እምብርት የሆነው ኒውክሊየስ ፕሮቶን እና ኒውትሮን ከተባሉ ቅንጣቶች የተገነባ ነው። ፕሮቶኖች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ይሁን እንጂ እጅግ በተቀራረቡ ቅንጣቶች መካከል ብቻ የሚሠራ ብርቱ መሳሳብ ግፊያውን አሸንፎ በአንድነት ያቆያቸዋል። አንድን ኒውክሊየስ ወደ ተናጠል ቅንጣቶቹ ለመበተን የሚያስፈልገው ኃይል የማያያዣ ኃይል ይባላል።

ይህ ኃይል በመጠነ ቁስ ልዩነት ይታወቃል። የሂሊየም ኒውክሊየስ መጠነ ቁስ፣ ሁለቱ ፕሮቶኖችና ሁለቱ ኒውትሮኖች ለየብቻ ሲሆኑ ካላቸው ድምር በ0.75 በመቶ ገደማ ያንሳል። ልዩነቱ ኒውክሊየሱ ሲመሠረት ኃይል ሆኖ የወጣው ነው።

መረጋጋት እና አለመረጋጋት

የማያያዣ ኃይል ለአንድ ቅንጣት ሲሰላ በብረትና በኒኬል አካባቢ ከፍተኛ ሲሆን፣ 8.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይደርሳል። የኒውክሊየስ መረጋጋት በፕሮቶኖችና በኒውትሮኖች ቁጥር መመጣጠንም ይወሰናል። ለምሳሌ 27 ፕሮቶን እና 32 ኒውትሮን ያለው ኮባልት-59 የተረጋጋ ነው። አንድ ኒውትሮን ሲጨመርበት የሚገኘው ኮባልት-60 ግን ያልተረጋጋ በመሆኑ፣ ትርፍ ኃይሉን በጨረር መልክ እየለቀቀ ወደ ተረጋጋው ኒኬል-60 ይለወጣል። የኮባልት-60 መጠን በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ለታካሚዎች

ኮባልት-60 ለካንሰር ሕክምና ያገለግላል። ጨረሩ ከሰውነት ውጭ ከሚገኝ መሣሪያ የሚመጣ በመሆኑ፣ ታካሚው ከሕክምናው በኋላ ጨረር አያመነጭም፤ ከቤተሰቡም መለየት አያስፈልገውም። ለታይሮይድ ዕጢ ሕመም የሚሰጠው አዮዲን-131 ግን ወደ ሰውነት የሚገባ ሲሆን፣ መጠኑ በየ8 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለሆነም ይህን መድኃኒት የወሰዱ ታካሚዎች ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ሴቶች ርቀው የሚቆዩበትን ጊዜ በተመለከተ ሐኪም የሚሰጣቸውን መመሪያ በጥብቅ ሊያከብሩ ይገባል።

ለኅብረተሰቡ

እሳት፣ አሲድ ወይም መዶሻ የኒውክሊየስን ባሕርይ አይለውጡም፤ ጨረር አመንጪ ቁስ ቢቃጠል ወይም ቢሰበር ጨረሩ አይቆምም፤ ይልቁንም ቁሱ ተበትኖ ጉዳቱ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ የሕክምና መሣሪያ ውስጥ የወጣ ሲዚየም-137 በሰዎች እጅ ተከፍቶ ለ4 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል።

በመሆኑም የጨረር ማስጠንቀቂያ የሆነው ባለሦስት ክንፍ ምልክት ያለበትን ማንኛውንም ዕቃ ያገኘ ሰው፦

• ዕቃውን መንካት፣ መክፈት፣ መቁረጥ ወይም ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ የለበትም፤
• ከቦታው ርቆ ሌሎችም እንዳይቀርቡ ማስጠንቀቅ አለበት፤
• በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ወይም ለጨረር ተቆጣጣሪ አካል ወዲያውኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።