ከሰናድር እስከ ማካሮቭ፦ የሽጉጥ ምርጫ እና የእኛ ታሪክ



በአንድ የቡና ወቅት፣ በኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ፣ አጎቴ ከአጋሮ መጥተው ጊንጆ ጉዱሩ በሚገኘው ቤቴ አደሩ። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀንፈል ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እራት በልተን ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ታሪክም ታስተምራለህ። ሦስት ሽጉጥ አቅርበውልኛል፤ አንዱ ማካሮቭ ነው፣ አንዱ ስታር፣ ሦስተኛው የቱርክ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የትኛው ይሻላል?»

አጎቴ ሽጉጥ ይዘው አያውቁም። የጠየቁኝም ለጉራ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት አብረዋቸው የሚነግዱ ሰው የቡና መግዣ ገንዘብ እንደያዙ መንገድ ላይ ተዘርፈው፣ ነፍሳቸው ብቻ ተርፋ ተመልሰዋል። እኔም ያን ሌሊት በቀላሉ ልመልስላቸው አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ሳስበው የከረምሁትን እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ።

የስሙ ምስጢር

ነገሩን ከቋንቋችን እንጀምር። የረጅሙን ጠመንጃ ስሞች ብንመረምር አብዛኞቹ የፋብሪካ ወይም የአገር ስሞች ናቸው። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፊዚል ግራ፣ ለበን ከለበል፣ ምንሽር ከማንሊከር፣ በልጅግ ደግሞ ከቤልጅግ አገር የመጡ ናቸው። ክላሽም የዚሁ ዘር ነው። ሽጉጥ ግን የማንም ፋብሪካ ስም አይደለም። «ሸጎጠ» ከሚለው ግሣችን የወጣ፣ የተሸሸገ፣ የተወሸቀ ማለት ነው። ምንሽሩ በትከሻ ላይ ሆኖ ለሰርግም ለለቅሶም በአደባባይ ሲወጣ፣ ሽጉጡ ከጋቢ ሥር ይቀራል። ጠመንጃን በሠሪው የጠራ ሕዝብ ሽጉጥን በመደበቁ ጠራው። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

በታሪካችን እጅግ ስሙ የሚነሣው ሽጉጥ ራሱ የተገዛ አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ ነበር። ለቆንስል ፕላውዴን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና እንዲሆን ተብሎ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። የወዳጅነት ምልክት ሆኖ የመጣው መሣሪያ፣ ወዳጅነቱ ሲፈርስ የላከችው ንግሥት ጦር በተራራው ላይ ሲወጣ የመጨረሻውን ተግባር ፈጸመ።

ማን መረጠ?

አጎቴ «የትኛው ይሻላል?» ሲሉ፣ ጥያቄው ገዥ በመደርደሪያ ፊት ቆሞ ዕቃ የሚያማርጥ አስመስሎታል። ነገር ግን በአገራችን የጦር መሣሪያ ታሪክ ገዥው በነፃነት የመረጠበት ዘመን ከስንት አንዴ ነው።

ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ያደረጉት ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ በተወላቸው መሣሪያ እየታገዙ ነው። መሣሪያው የተሰጣቸው እንግሊዞችን ስላሳለፉ እንጂ ስለመረጡት አይደለም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ሬሚንግተን ጠመንጃዎች በብዛት በእጃችን ገቡ። እነዚህንም የመረጠው የግብፁ ኬዲቭ ነበር፤ እኛ ማረክናቸው።

ንጉሥ ምኒልክ ከሁሉ ይልቅ የገበያን ጥበብ የሚያውቁ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. ገጣሚው አርተር ራምቦ ከታጁራ በግመል ጭኖ 2,000 ገደማ ጠመንጃ ወደ ሸዋ አመጣላቸው። ንጉሡም በዋጋ ተከራክረው ካሰበው እጅግ ያነሰ ሰጥተው ሰደዱት። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ኢጣሊያ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በምታደርገው ጠብ ምኒልክ እንዳይነኳት ስትል 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ተዋዋለች። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር በዐድዋ የገጠመው ራሷ ጭምር ያስታጠቀችውን ንጉሥ ነበር። ውጅግራም በርካሽ የጎረፈልን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበልን ተቀብላ አሮጌውን ስለጣለች ነው። የሌላው ትርፍ የእኛ ብርቅ ሆነ።

የዚያ ዘመን ብዛት የራሱ ጣጣ ነበረው። ጥይት በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። የማርካው መደበላለቅ ግን በጦር ሜዳ ዋጋ አስከፍሏል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተሰለፈው ሠራዊት ብዙው ልዩ ልዩ ስሪት፣ ልዩ ልዩ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የአንዱ ጥይት ሲያልቅ የጎረቤቱ አይሆነውም። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. በፓሪስ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው የመሣሪያ ስምምነት ለመንግሥታችን የመግዛት መብት ቢሰጥም፣ በ1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሸጫ ፈቃድ ከለከሉ። የምንፈልገውን ማርካ ብናውቅም የሚሸጥልን ጠፋ።

አውቶማቲኩ ሽጉጥ

ከተኮሰ በኋላ በራሱ ኃይል ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው ሽጉጥ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ፍሬ ነው። ሞዜር እ.ኤ.አ. በ1896 አወጣ። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ንድፉን ቤልጅግ ሄርስታል ለሚገኘው ፋብሪካ ሰጥቶ የ1900ው ሽጉጥ ተሠራ። ስሙም በብዙ የአውሮፓ ከተሞች የሽጉጥ ሁሉ መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለው የ1910ሩ ብራውኒንግ ነበር።

ወደ እኛም የመጣው በፖለቲካ መንገድ ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች የክቡር ዘበኛን ለማሠልጠን ሲመጡ የሄርስታል ፋብሪካ ሥራ አብሯቸው ገባ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ዕርዳታ ውል ሲፈረም ተራው የአሜሪካ መሣሪያ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ተቆራርጦ በ1970 ዓ.ም. የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ ሲራገፍ የመኮንኑና የካድሬው ወገብ ማካሮቭ ታጠቀ። የአንድን ሹም ሽጉጥ አይቶ የየትኛው ዘመን ሹም እንደሆነ ማወቅ ይቻል ነበር።

ስለዚህ ለአጎቴ ጥያቄ የዕቃ መልስ ልስጥ። ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ አሠራሩ ቀላልና ብልሽቱ ጥቂት የሆነ ሽጉጥ ነው። ጥይቱ «ዘጠኝ ሚሊሜትር» ቢባልም የብራውኒንጉ ዘጠኝ ሚሊሜትር አይደለም፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የማይጨው ጣጣ በኪስ ውስጥ ማለት ይህ ነው። ስታር በስፔን ባስክ አገር በኤይባር ከተማ ይሠራ የነበረ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። የቱርኩ አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየኬላው ተያዘ ሲባል ደጋግመን የሰማነውም እርሱ ነው። በዚህ መንገድ ከሚገቡት መካከል መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው፣ በኋላ በርሜላቸው ተለውጦ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ እንዳሉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በያዘው ሰው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በላዩ የተቀረጸው ስም ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም።

ከሦስቱ የቀረበው የትኛውም ቢሆን የመጣው በሕጋዊ በር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን በወንጀል ያስቀጣል። ታዲያ ሻጩ ነገ ቢያዝ የገዥውን ስም አይጠራም ያለ ማን ነው?

የአያቴ ብራውኒንግ

አሁን የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። የእናቴ አባት በአጋሮ አካባቢ ጥቂት የቡና መሬት የነበራቸው ሰው ነበሩ። ከአንድ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ የገዙት ብራውኒንግ ነበራቸው። እናቴ እንደምትለው ሽጉጡ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሳጥን ወጥቶ በዘይት ይወለወላል፤ ሲተኮስ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማችም። ሌባ አላባረረም፣ ድንበር አላስከበረም።

በቀይ ሽብር ዘመን የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ አያቴ (ሴቷ) ሽጉጡን በጀንፈል ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። አንድ የሚያውቃቸው ሰው ጠቆመ። መሣሪያው በተገኘ በዚያው ሌሊት አያቴን ወሰዷቸው፤ ስምንት ወር ታስረው ወጡ። ከእስር የተመለሱት ሰው ግን የሄዱት ሰው አልነበሩም። ከዚያ በኋላ በቤታችን «ብራውኒንግ» የሚለው ቃል ተነሥቶ አያውቅም። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የሚለው ተረት በእኛ ቤት እንዲህ ተፈጸመ።

የጅሬኑ ንጉሥ ስሌት

ከዚሁ ከጅማ አንድ ሌላ ምሳሌ አለ። ከጊንጆ ጉዱሩ ተነሥቶ ወደ ጅሬን የወጣ ሰው የአባ ጅፋር 2ኛን ቤተ መንግሥት ያያል። እኚህ ንጉሥ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ኃይል ሲመጣ የጠመንጃውን ቁጥር ቆጠሩ፤ የራሳቸውንም ቆጠሩ። ከዚያም ግብር መክፈልን መረጡ። በሂርማታ ገበያ በሚገኘው ሀብት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ኖሩ። ጎረቤታቸው ከፋ ግን እምቢ አለ። በ1889 ዓ.ም. በተከፈተው ዘመቻ ጥቂት ነፍጥ ብቻ የነበረው ከፋ ለወራት ታግሎ ወደቀ፤ ንጉሡ ጋኪ ሼሮቾም ተማረኩ።

ይህን ስጽፍ አባ ጅፋርን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ያ የሂርማታ ሀብት የባሪያ ንግድም ነበረበት፤ ከፋን በወጋው ዘመቻም የጅማ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሰላማቸው በሌላው ትከሻ ላይ ጭምር የቆመ ሰላም ነበር። ቢሆንም ጅማን ያቆያት የጠመንጃ ማርካ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ያቆያት ስምምነትና ገበያ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በማግስቱ ጠዋት ባጭሩ ነገርኋቸው። ገንዘቡን በባንክ እንዲያዘዋውሩ፣ ከገበሬው ጋርም በቴሌብር እንዲተሳሰቡ መከርኋቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ ጫማቸውን እያሰሩ፦ «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ አያትህንም አስታወስኸኝ። ነገር ግን ገበሬው ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ነው ያለው፤ ገንዘቡን በእጁ ካላየ ቡናውን አይሰጠኝም። መንገዱ ላይ ታሪክ አብሮኝ አይሄድም» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። አጎቴ የሚፈልጉት ሽጉጥ አይደለም፤ ከአጋሮ ጅማ ያለ ሥጋት የሚያደርስ መንገድ ነው። ያን መንገድ ሊሰጣቸው የሚገባው ግብር የሚቀበላቸው መንግሥት ነው። መንግሥት ያን ባልሰጠ ቁጥር ዜጋው ከጋቢው ሥር የሚሸጉጠውን ይፈልጋል። የጎረቤቱም ልጅ ያንን አይቶ የራሱን ይፈልጋል። አዋጅ ብቻውን ይህን አያቆመውም።

አጎቴ እስካሁን አልገዙም። ሰሞኑን ሲደውሉ አራት ነጋዴዎች ሆነው በአንድ መኪና፣ በቀን ብርሃን መጓዝ እንደጀመሩ ነገሩኝ። ለጊዜው ይህ ከሦስቱም ማርካ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ለእርሳቸውም እንዲሁ አልኋቸው።