ምስክር የሌላት ልጅ

በእንግሊዝ አገር ኖቬምበር 5 ሲመሽ እንደ እኛ ደመራ እሳት ይለኮሳል። በ1605 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጋይ ፎክስ የተባለ ሰው ከፓርላማው ሥር 36 በርሜል ባሩድ ሲጠብቅ ተያዘ። ንጉሡን ከነመኳንንቱ ሊያጋይ ነበር ሐሳቡ። ይህን የማያውቅ የእንግሊዝ ልጅ የለም፤ ፊደል ሳይቆጥር ስለ ሴራው የተገጠመውን ግጥም በቃሉ ይወጣዋል።

ኢዲት ኔስቢት በ1908 ባሳተመችው «የአርደን ቤት» ውስጥ ኤልፍሪዳ የምትባል ልጅ ከአሮጌ ሣጥን ያገኘችውን ልብስ ለብሳ 1605 ላይ ትገኛለች። እዚያም ለአስተማሪዋ ያንኑ ግጥም ታወርድለታለች። ጣጣው ሴራው ገና አለመታወቁ ነው! አስተማሪው ሄዶ ይናገራል፤ ቤተሰቡ ተይዞ ለንደን ግንብ ውስጥ ይታሰራል። ልጅቱ የነካችው የሰው ነገር የለም፤ ወንጀሏ ትምህርቷን በሚገባ መያዟ ነው። እንዳታስረዳስ ምን ብላ? «ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተወለድኩ ነኝ» ብትል ራሷን ለባሰ ክስ ማቀበል ነው። ያን ጊዜ የነገሠው ቀዳማዊ ጄምስ ስለ ጠንቋዮች ራሱ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር፤ በ1604 የጥንቆላው ሕግ የጠበቀውም በእሱ ዘመን ነው።

ወደ ኋላ ዘመን የሚጓዙ ልጆችን ከዘንዶና ከጭራቅ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አባቷን የሚያውቅ፣ ስለ እሷ ቆሞ የሚመሰክር አንድ ሰው የለም። በሐሰት የተከሰሰች ተማሪ ጭንቀትም ይኸው ነው። ሁለቱ ታሪኮች በእንግሊዝ የልጆች መጻሕፍት ውስጥ ተጠጋግተው ያደጉት ያለ ምክንያት አይመስልም።

የተከሳሿ ተማሪ ታሪክ ቀድሞ የመጣ ነው። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባወጣችው «ጄን ኤር» ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ የበላይ ጠባቂ አሥር ዓመት ገደማ የሆናትን ጄንን ወንበር ላይ አቁሞ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት «ውሸታም» ይላታል። ምስክር ሳይሰማ የተፈረደ ፍርድ ነው። ያዳናት የአንዲት መምህርት ብልሃት ነው፤ ልጅቱን በፊት ለሚያውቅ ሰው ደብዳቤ ጽፋ ምስክርነቱን አስመጣችላት። ብሮንቴ ይህን ስትጽፍ ከምናቧ ብቻ አልቀዳችም። ከእህቶቿ ጋር ካወን ብሪጅ በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ ሁለቱ ታላላቆቿ ማሪያና ኤልሳቤጥ እዚያ ታመው በ1825 ሞቱ።

ጊዜን መሻገር ግን ለረጅም ጊዜ የአዋቂዎች ጨዋታ ሆኖ ቆየ። ኤች ጂ ዌልስ በ1895 የዘመን መኪናውን ሲሠራ ያሳፈረው ሳይንቲስት ነው። መንገዱን ለልጆች የከፈተችላቸው ኔስቢት ናት። በ1858 ለንደን የተወለደችው ኔስቢት በ1884 የፌቢያን ማኅበርን ከመሠረቱት ሶሻሊስቶች አንዷ ነበረች። ቤቷን የምታስተዳድረውም በብዕሯ ነበር። በ1906 «የክታቡ ታሪክ» ወጣ። አራት ወንድምና እህቶች ከሱቅ የገዙትን ግማሽ ክታብ ይዘው ቀሪውን ግማሽ ፍለጋ ወደ ጥንታዊት ግብፅና ወደ ባቢሎን ይሻገራሉ።

መጽሐፉ መታሰቢያነቱ ለዋሊስ በጅ ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም። በጅ የብሪቲሽ ሙዚየም የግብፅና የአሦር ቅርስ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ኔስቢት ስለ ጥንቱ ዓለም የምታማክረውም እሱን ነበር። ሰውየው ግዕዝ አዋቂም ነው። በ1900 የእመቤታችንን ተአምራት ከነሥዕሉ አሳትሟል፤ ክብረ ነገሥትን በ1922 በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ልጆችን በጊዜ ባሻገረው የመጀመሪያው ዝነኛ ልብ ወለድ ላይ የተማከረው ሰው የንግሥተ ሳባንና የቀዳማዊ ምኒልክን ታሪክ ለእንግሊዞች ያስነበበው ሰው መሆኑ ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስቀው የባቢሎን ንግሥት ለንደን የመጣችበት ክፍል ነው። ልጆቹ ሙዚየም ይወስዷታል። ንግሥቲቱ በመስተዋት ሣጥኑ ውስጥ የራሷን ጌጥና ዕቃ አይታ፣ ይህማ የኔ ነው፣ መልሱልኝ ብላ ትቆጣለች። ጠባቂዎቹ እንደ ዕብድ ይቆጥሯታል። እሷ ግን ስትመኝ ንብረቷ ሁሉ ከሙዚየሙ እየወጣ ወደ ግቢው ይመጣላታል። ኔስቢት ይህን የጻፈችው ለሣቅ ነው። በዚያው ሙዚየም ግን በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው የተጓዙ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ተቀምጠው ነበር። ለእነሱ የምትመኝ ንግሥት አልተገኘችም።

ሌላም አለ። ልጆቹ ወደ ፊትም ይሻገራሉ። በዚያ ባማረው የለንደን ከተማ አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ያገኙታል። ቆሻሻ መሬት ላይ ጥሎ ለአንድ ቀን ከትምህርት ቤት የተባረረ ልጅ ነው፤ ስሙ ዌልስ። ወዳጇን ኤች ጂ ዌልስን በዚህ ጎንተል አድርጋዋለች።

ኔስቢት የሐሰት ክስን ነገር ከልቧ አላወጣችውም። በዚያው በ1906 ባሳተመችው «የባቡር ሐዲድ ልጆች» ውስጥ አንድ ምሽት ሁለት እንግዶች መጥተው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነውን አባት ይዘውት ይሄዳሉ። እናትየው ለልጆቿ እውነቱን አትነግራቸውም። ታላቂቱ ሮበርታ ነገሩን የምታውቀው ዕቃ ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ አባቷ ምሥጢር ለሩስያ ሸጧል ተብሎ የአምስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል። ያን ጊዜ አውሮፓ የድሬይፉስን ጉዳይ ገና አልረሳም። ፈረንሳዊው መኮንን አልፍሬድ ድሬይፉስ ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በ1894 ተፈረደበት፤ ንጽሕናው በፍርድ ቤት የተረጋገጠለት በጁላይ 1906 ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች ጉዳዩን ዓመታት ሙሉ ሲያራግቡት ነበር፤ የልቦለዱን አባት ያለ እሱ ማሰብ ይከብዳል።

ከዚያ በሐሰት የተከሰሰው እውነተኛው ተማሪ መጣ። ኦክቶበር 1908 በኦዝቦርን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የአንድ ተማሪ የአምስት ሺሊንግ የፖስታ ሐዋላ ጠፋ፤ ፊርማው ተመስሎም ተመነዘረ። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ስለ ዕለቱ የሰጠችው ቃልና የጽሕፈት መርማሪው አስተያየት ተደምረው ጥፋቱ ጆርጅ አርቸር ሺ በተባለ የ13 ዓመት ልጅ ላይ ወደቀ። ልጁም ቀርቦ ሳይከራከር ከትምህርት ቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። የባንክ ሰው የሆነው አባቱ ግን ልጄ አይሰርቅም አለ። ኤድዋርድ ካርሰን፣ ኦስካር ዋይልድን በመስቀለኛ ጥያቄ የጣለው ያ ጠበቃ፣ ልጁን አስቀምጦ እየመላለሰ መረመረው፤ ካመነው በኋላ ያዘለት። ባሕር ኃይሉ የንጉሡ ነውና፣ ንጉሡን መክሰስ በማይቻልበት ሕግ ጉዳዩን ወደ ችሎት ማድረስ ራሱ ወደ ሁለት ዓመት ፈጀ። በጁላይ 1910 ካርሰን የፖስታ ቤቷን ሴት ሲጠይቃት በዚያ ቀን ፊት ለይታ እንደማታስታውስ ወጣ፤ በአራተኛው ቀን መንግሥት ልጁ ንጹሕ ነው ብሎ አመነ። በ1911 ለአምስት ሺሊንግ ከ7,000 ፓውንድ በላይ ካሳና ወጪ ተከፈለ። ጆርጅ በ1914 ኢፕር ላይ ሲዋጋ ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር። ቴረንስ ራቲጋን በ1946 ታሪኩን ቲያትር አደረገው።

ሁለቱ ክሮች፣ ጊዜን መሻገርና የሐሰት ክስ፣ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የተገመዱት በፔኔሎፒ ፋርመር መጽሐፍ ነው። በ1969 በታተመው «አንዳንዴ ሻርሎት» አዲሷ ተማሪ ሻርሎት በመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ስትነቃ ትምህርት ቤቱ ያው ነው፤ ዓመቱ ግን 1918 ሆኗል። ክሌር በሚሏት ልጅ ቦታ ገብታለች። ክሌር ደግሞ ወደ እሷ ዘመን መጥታለች። በሁለቱም ዘመን የሌላዋን ጥፋት የምትሸከም፣ አስተማሪ ሲቆጣት እኔ አይደለሁም ማለት የማትችል ልጅ ናት። በ1918 ነገሩን የነቃችበት የክሌር ታናሽ እህት ኤሚሊ ናት። የሻርሎት ምስክር እሷ ሆነች ማለት ነው።

ክሌር ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኢንፍሉዌንዛ ትሞታለች። ያው ወረርሽኝ በአገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው ነው።

በመጀመሪያው እትም ማብቂያ ላይ ሻርሎት ወደ ዘመኗ ከተመለሰች በኋላ፣ አሁን ትልቅ ሴት የሆነችው ኤሚሊ ደብዳቤና ጥቅል ትልክላታለች። በውስጡ ከ1918 የቀሩ መጫወቻዎች አሉ። በ1985 በታረመው እትም ይህ ክፍል ወጥቷል። ደራሲዋ በመጽሐፏ ታዛለች፤ ሆኖም ለዚያች ልጅ ያለፈውን ሁሉ በእጅ የሚያስጨብጣት አንድ ማስረጃ ያ ጥቅል ነበርና፣ መምረጥ የሚችል አንባቢ የ1969ኙን ቢይዝ ይሻለዋል።